የባንክ በር ሲከፈት መዝገቡ አይዘጋ

(በሬዲዮ ከቀረቡት ንግግሮች የተወሰደ)

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ሆሳዕና የገባ እንግዳ፣ ከጎፈር ሜዳ እስከ ሴች ዱና በእግሩ ቢዘዋወር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተውለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አዳዲሶቹ ፎቆች ናቸው፤ ሁለተኛው በፎቆቹ ሥር የተሰቀሉት የባንክ ሰሌዳዎች ናቸው። ወደ ሾኔ፣ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሺንሺቾ ቢሻገርም ይህንኑ በመጠኑ አነስ ብሎ ያገኘዋል። በቀደመው ዘመን በሐዲያ ምድር ሀብት ይቆጠር የነበረው በከብት ነው፤ መቶ ከብት የሞላለት ሰው፣ ሺህ ከብትም የሞላለት ሰው የየራሱ የክብር ስም ይሰጠው ነበር። ዛሬ ሀብት የሚቆጠረው በበረት ሳይሆን በባንክ ደብተር ነው።

ይህ በደብተር የተጻፈ ገንዘብ ከየት እንደ መጣ የአገሩ ሰው አይስተውም። ከፊሉ የነጋዴው ትርፍ፣ የገበሬውም የቡናና የዝንጅብል ሽያጭ ነው። ከፊሉ እንደ እናንተ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ከወር ደመወዙ የቆጠበው ነው። ቀላል የማይባለው ክፍል ግን ከሃያ ዓመት በላይ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ የኖሩት ወጣቶች የላኩት ነው። የሄዱበት መንገድ በኬንያ፣ በታንዛንያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ የሚያልፍ ነው፤ መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ፣ ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑ የተነገረላቸው 64 ስደተኞች ታፍነው ሞተው የተገኙትም በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ዋጋ የተገኘ ገንዘብ ከባንክ ከገባ በኋላ እንዴት ይጠበቃል? ጥያቄው ዛሬ የሚነሣበት ምክንያት አለው። የኢትዮጵያ የባንክ ሕግ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ተለውጧል፤ ለሃምሳ ዓመት ያህል ለውጭ አገር ሰው ተዘግቶ የነበረውም በር ተከፍቷል። የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ለውጡን ለማመስገንም ለመንቀፍም አይደለም። ሌሎች አገሮች በሩን በከፈቱ ጊዜ የደረሰባቸውን፣ እኛም ራሳችን በሩን ዘግተን ሳለን ያጠፋነውን አስታውሶ፣ ከዚህ ትምህርት ለመቅሰም ነው።

ባንክ የማን ገንዘብ ያበድራል?

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ባንክ የራሱን ገንዘብ የሚያበድር ቤት አይደለም። የሚያበድረው አስቀማጮች አምነው የሰጡትን ገንዘብ ነው። ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ፣ ባንኩ ለሥጋት ካጋለጠው ከእያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ ቢያንስ 8 ብር የባለ አክሲዮኖቹ የራሳቸው ገንዘብ እንዲሆን ያዛል። የቀረው 92 ብር፣ ከአነስተኛው ልዩ ልዩ ዕዳ በስተቀር፣ የአስቀማጩ ነው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት ቀላል ነው። ባንኩ ካበደረው 100 ብር ውስጥ 3 ብር ሳይመለስ ቢቀር ባለ አክሲዮኑ ትርፉ ይቀንስበታል፤ አስቀማጩ አይነካም። 8 ብር ቢጠፋ ባለ አክሲዮኑ ገንዘቡን በሙሉ ያጣል። 12 ብር ቢጠፋ ግን፣ ከስምንቱ በላይ ያለው 4 ብር የሚጎድለው ከአስቀማጩ ኪስ፣ ያለዚያም አስቀማጩን ለማዳን ከሚገባው መንግሥት፣ ይኸውም ከግብር ከፋዩ ነው። ሲያተርፍ ለጥቂቶች፣ ሲከስር ለሁሉ የሚሆን ሥራ ስለ ሆነ ነው ባንክ እንደ ማንኛውም ሱቅ በንግድ ፈቃድ ብቻ የማይተወው።

ሁለተኛው የባንክ ድካም የጊዜ ነው። አስቀማጩ ገንዘቡን በፈለገበት ሰዓት መጠየቅ ይችላል፤ ተበዳሪው ግን የሚከፍለው በአምስትና በአሥር ዓመት ነው። ይህን የሐዲያና የከምባታ ገበሬ ለማስረዳት አያስቸግርም። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ ብልህ ባለቤት በየዓመቱ እየተካ በጓሮው ሕፃኑንም ጎረምሳውንም የደረሰውንም እንሰት አብሮ ያቆያል። እንግዳ በበዛበት ዓመት ያልደረሰውን ሁሉ ነቅሎ የፋቀ ሰው የዚያን ሰሞን ደግስ ይባላል፤ የችግሩ ዓመት ሲመጣ ግን ጓሮው ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ገንዘቡን ሁሉ ለረጅም ዘመን አበድሮ ለነገ ጠያቂ ያላስቀረ ባንክም እንደዚሁ ነው። እንዲህ ያለው ባንክ ሀብት እያለው፣ አስቀማጮቹ በአንድ ቀን ስለ መጡ ብቻ ሊወድቅ ይችላል።

ሕጉ ምን ለወጠ?

በአገራችን የተደረገውን ለውጥ በቅደም ተከተል እንመልከት። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ካበደሩት ገንዘብ 27 ከመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙበት ይገደዱ ነበር፤ ይህ በ2012 ዓ.ም. ተነሣ። ማይክሮፋይናንስ ተቋማት ወደ ባንክነት እንዲያድጉ ተፈቀደ፤ የገጠሩ ሰው በኦሞ ማይክሮፋይናንስ ስሙ የሚያውቀው ተቋምም ኦሞ ባንክ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የባንክ ሥራ ዐዋጅ ቁጥር 1360/2017ን አጸደቀ። በዚህ ዐዋጅ መሠረት የውጭ ባንኮች በኢትዮጵያ ተቀጥላ ባንክ ወይም ቅርንጫፍ መክፈት፣ በአገር ውስጥ ባንክም ላይ አክሲዮን መግዛት ይችላሉ፤ በአንድ የአገር ውስጥ ባንክ ውስጥ የውጭ ሰዎች ድርሻ በድምሩ ከ49 ከመቶ እንዳያልፍ ተወስኗል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የአክሲዮን ገበያው ተመርቆ ተከፈተ።

ከመፍታቱ ጋር የማጥበቂያው ሥራ ፈጽሞ አልተረሳም። አዲስ ባንክ ለማቋቋም የሚያስፈልገው ካፒታል በ1986 ዓ.ም. 10 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ከዚያ ወደ 75 ሚሊዮን፣ ወደ 500 ሚሊዮን፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ብሏል። በዚያው በ2013 ዓ.ም. የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በደንብ ተቋቁሟል። አዲሱ ዐዋጅም ባንክ ሲታመም ብሔራዊ ባንክ ገብቶ የሚያስተካክልበትን ሥልጣን ዘርዝሮ ሰጥቷል።

የሆነ ሆኖ ሕግ መጻፉ አንድ ነገር ነው፤ በሥራ ላይ መዋሉ ሌላ ነገር ነው። የሌሎችን አገሮች ታሪክ ስንመለከት አብዛኞቹ የወደቁት ሕግ አጥተው ሳይሆን፣ ሕጉ የተጻፈበትን ምክንያት ረስተው ነው።

የራሳችን የኋላ ታሪክ

የውጭ ባንክ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው ባንካችን ራሱ የውጭ ነበረ። የሐበሻ ባንክ በ1897 ዓ.ም. ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል ተመሥርቶ፣ የካቲት 1898 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ተመርቆ ተከፈተ። ለሃምሳ ዓመት ብቸኛ የመሥራት መብት ተሰጠው። ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ጎሬና ጋምቤላ የንግድ መተላለፊያዎች ስለ ሆኑ ደረሰባቸው፤ ሆሳዕናን የመሰለው የመሐል አገር ደቡብ ግን ከሥራው ውጭ ቀረ። ንግዱ ወዳለበት መሄዱ ለባንክ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ነገር ግን የሚያስጠነቅቅ ነው። ብቸኛ መብት ያለው ባንክ ትርፍ ወደሌለበት ለመሄድ የሚያስገድደው ነገር የለም።

በ1923 ዓ.ም. መንግሥት ያን ባንክ ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋመ፤ ይህንንም የኢጣልያ ወረራ ዘጋው። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ደግሞ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ተለያዩ፤ ተቆጣጣሪው ከነጋዴው እንዲለይ የተደረገው ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ የአዲስ አበባ ባንክን የመሰሉ የግል ባንኮች ተነሡ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ሁሉም ተወረሱ። በ1986 ዓ.ም. በሩ ለኢትዮጵያውያን ብቻ እንደገና ተከፈተና በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክ የመጀመሪያው ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ለውጭ ሰው ተከፈተ።

በአንድ መቶ ሃያ ዓመት ውስጥ በሩ ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተና እንደ ተዘጋ ልብ በሉ። በየጊዜው የመጣው ትውልድ የቀደመውን አፍርሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል እንጂ፣ ካለፈው የሥራ ልምድ የሚጠቅመውን ለይቶ አይዝም። ለዚህም ነው ስለ ባንክ ስንነጋገር አንዱ «ይከፈት»፣ ሌላው «ይዘጋ» ብሎ የሚከራከረው። እውነተኛው ጥያቄ ግን ከመክፈትና ከመዝጋት ሌላ ነው፤ በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ምን ያህል ነቅቷል ነው።

የጎረቤት ትምህርት

በሩን ከፍተው ከተጎዱት መካከል ለእኛ የምትቀርበው ኬንያ ናት። ከዚህ በታች የውጭ አገሮችን ዘመን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኬንያ ከባንክ ባነሰ ካፒታል የገንዘብ ኩባንያ ማቋቋም ቀላል ነበር። ተቋማቱ ከፍ ያለ ወለድ እየሰጡ የሰው ገንዘብ ሰበሰቡ፤ ለራሳቸው ባለቤቶችና ለባለሥልጣን ወዳጆቻቸውም አበደሩ። በ1984 መውደቅ ጀመሩ፤ በ1986 ሌሎች ተከተሉ። በ1989 መንግሥት ከወደቁት ዘጠኙን አዋሕዶ አንድ ባንክ አቋቋመ። ሕጉም ጠበቀ። ይሁን እንጂ በ1993 እንደገና፣ በ1998 ደግሞ እንደገና ባንኮች ወደቁ።

ከዚያም በ2015 በነሐሴ ወር አንድ አነስተኛ ባንክ፣ በጥቅምት ወር ኢምፔሪያል ባንክ ተዘጋ፤ በሚያዝያ 2016 ቼዝ ባንክ ተከተለ። የኢምፔሪያል ባንክ ጉዳይ የሚያስደንቀው፣ ለዓመታት የተሠራው ማጭበርበር የታወቀው ዋና ሥራ አስኪያጁ ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። ተቆጣጣሪ ነበረ፤ ኦዲተር ነበረ፤ የዲሬክተሮች ቦርድ ነበረ። ሁሉም የሚነበበውን ሪፖርት አነበቡ፤ ከሪፖርቱ በስተጀርባ ያለውን መዝገብ ግን ያየ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የኬንያ የተቀማጭ መድን ለአንድ ሰው 100,000 ሺሊንግ ብቻ ነበር፤ ወደ 500,000 ከፍ ያለው በ2020፣ ከጉዳቱ በኋላ ነው።

ሁለተኛዋ ምሳሌ ናይጄሪያ ናት፤ እርስዋ ከእኛ የዛሬ ሁኔታ ጋር የምትመሳሰልበት አንድ ነገር አላት። በ2004 የናይጄሪያ ማዕከላዊ ባንክ የእያንዳንዱ ባንክ ካፒታል ከ2 ቢሊዮን ወደ 25 ቢሊዮን ናይራ እንዲያድግ አዘዘ። 89 የነበሩት ባንኮች ተዋሕደው በ2005 መጨረሻ 25 ሆኑ። ትላልቆች ስለ ሆኑ ጠንካሮች ናቸው ተባለ። የሰበሰቡትን ብዙ ገንዘብ ግን ለአክሲዮን መግዣ ማበደር ያዙ፤ የተገዛው አክሲዮን ራሱ የብድሩ መያዣ ሆነ። በ2008 የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ መያዣውም ብድሩም አብረው ወደቁ። በ2009 ማዕከላዊ ባንኩ የስምንት ባንኮችን ሥራ አስኪያጆች ከሥልጣን አነሣ፤ ባንኮቹን ለማቆየትም 620 ቢሊዮን ናይራ አስገባ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ካፒታል ማብዛት መልካም ነው፤ ነገር ግን የበዛው ካፒታል በምን ላይ እንደ ዋለ የሚጠይቅ ከሌለ ውድቀቱም በዚያው ልክ ይበዛል።

ታላቂቱ አሜሪካም ከዚህ አላመለጠችም። ከ1929 ውድቀት በኋላ በ1933 በወጣው ሕግ፣ የሕዝብ ተቀማጭ የሚይዝ ባንክ በአክሲዮን ንግድ እንዳይገባ ተለየ። በዚያ ሕግ ሥር የኖረው ትውልድ የ1929ኙን ሰልፍ በዓይኑ ያየ ነበረ። ያ ትውልድ ሲያልፍ አጥሩ ጥቂት በጥቂት ተነቀነቀ፤ በ1999 ዋነኛው ክልከላ ተሻረ። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 15 ቀን 2008 ሌማን ብራዘርስ ወደቀና ዓለም ተናወጠ። የሕጉ መሻር ብቻውን ውድቀቱን አመጣ ማለት አይቻልም፤ ብዙ ሌላ ምክንያት ነበረ። ነገር ግን አጥሩም ተቆጣጣሪውም የላሉት በአንድ ዘመን፣ ሁሉም ነገር መልካም በመሰለበት ዘመን ነው።

አባቶች «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። በባንክ ነገር ግን የተወጋውም ይሞታል፤ ልጁ ጠባሳውን አላየውም።

ዝግ በሆነ ቤት ውስጥ የተሠራ ስሕተት

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው በሩ ተዘግቶ ቢኖር ይሻል ነበር» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በ2008 የዓለም ውድቀት ጊዜ ባንኮቻችን ከውጭው ጋር ስላልተሳሰሩ በቀጥታ አለመነካታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ዝግ ቤት ከውጭ ዝናብ ያድናል እንጂ በጣራው ሥር ከሚነሣ እሳት አያድንም። በ2010 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ካበደረው ገንዘብ ወደ 40 ከመቶ የሚጠጋው የተበላሸ ብድር ሆኖ ነበር። ንግድ ባንክም ለመንግሥት የልማት ድርጅቶች ያበደረው ብዙ ገንዘብ በጊዜው ሳይመለስ ስለ ቀረ፣ መንግሥት በ2017 ዓ.ም. የባንኩን አቋም ለማስተካከል 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ ቦንድ እንዲያወጣ በዐዋጅ ተፈቀደለት።

እነዚህን ስሕተቶች የውጭ ሰው አልሠራቸውም፤ የልቅ ገበያም ውጤቶች አይደሉም። አበዳሪው «ይህ ብድር ይመለሳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያልቻለበት ወይም ያልፈለገበት ጊዜ ውጤቶች ናቸው። በግል ባንክ ባለ አክሲዮኑ ለራሱ ያበድራል፤ በመንግሥት ባንክ ትእዛዝ የሰጠው ክፍል ለራሱ ያበድራል። በሽታው አንድ ነው።

ወደ ሆሳዕና እንመለስ

ይህ ሁሉ በሐዲያና በከምባታ ከተሞች እንዴት ሊታይ ይችላል? በአገራችን ባንክ ከሁሉ አብልጦ የሚቀበለው መያዣ ሕንጻ ነው። በሆሳዕና የሕንጻ ዋጋ የሚወጣው ከከተማው ንግድ ብቻ አይደለም፤ ከጆሃንስበርግና ከሌሎች የደቡብ አፍሪካ ከተሞች በሚላከው ገንዘብም ጭምር ነው። ይህ ገንዘብ በጎረፈ ጊዜ የቦታ ዋጋ ይወጣል፤ ዋጋው ሲወጣ ገማቹ የሕንጻውን ግምት ከፍ ያደርጋል፤ ግምቱ ከፍ ሲል ብድሩ ይበዛል፤ ብድሩ ሲበዛ ሌላ ፎቅ ይሠራል። ሁሉም እየደገመ ሌላውን ያሳድጋል።

አሁን የተገላቢጦሹን አስቡ። በደቡብ አፍሪካ በ2000፣ በ2007 እና በ2011 ዓ.ም. በውጭ አገር ሰዎች ላይ ሁከት ተነሥቶ ሱቆች ተዘርፈዋል። እንዲህ ያለው ነገር ጠንክሮ ቢመጣና የሚላከው ገንዘብ ለአንድ ዓመት ቢቋረጥ፣ ተበዳሪው የሚከፍለው ያጣል፤ ባንኩ መያዣውን ሊሸጥ ያወጣል፤ ገዢውም ያው ከደቡብ አፍሪካ ይላክለት የነበረ ሰው ስለ ሆነ ገበያ አይገኝም። ናይጄሪያ በአክሲዮን ያየችውን ሆሳዕና በብሎኬት ታየዋለች ማለት ነው። ይህ ይሆናል ብለን አንተነብይም፤ ሊሆን የሚችል መሆኑን ግን የብድር ክፍል ሹም፣ የሕንጻ ገማችና የከተማው አስተዳደር ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል። ባንኩ የአዲስ አበባ ይሁን የናይሮቢ፣ መያዣው የሚገመተው በሆሳዕና ነው።

ለዚህ ያለው ጥበብ ደግሞ ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። ዕቁብ የጣለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ ሳያቀርብ ገንዘቡን አይወስድም፤ ዳኛው የወንድሙ ልጅ ቢሆንም ደንቡ አይቀርለትም፤ ጸሐፊው መዝገቡን በጉባኤው ፊት ያነባል። ዋስ፣ ዳኛ፣ መዝገብ። በዓለም ላይ ያሉት የባንክ መቆጣጠሪያ ሕጎች ሁሉ ቢጨመቁ ከእነዚህ ከሦስቱ አይዘሉም። ዕቁብ የማይረሳው አባላቱ ስለሚተያዩ ነው። ባንክ የሚረሳው አስቀማጩ ተበዳሪውን ስለማያየው ነው፤ የማያየውን እንዲያይለት መንግሥት ተቆጣጣሪ ይሾማል።

የመንግሥት ሠራተኛ ድርሻ

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ይህ ጉዳይ የብሔራዊ ባንክ ገዢ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። በየመሥሪያ ቤታችሁ በእጃችሁ የሚያልፍ ሥራ አለ።

አንደኛ፣ ዋስትና ነው። በከተሞቻችን ብዙ አነስተኛ ብድር የሚሰጠው በመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ዋስትና ነው። ዘመድ ወይም ጎረቤት ይመጣል፤ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ሠራተኛው ይፈርማል። ተበዳሪው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደ እንደ ሆነ ግን ከደመወዙ ለዓመታት የሚቆረጥበት የፈረመው አስተማሪ ወይም ነርስ ነው። መፈረም ማለት ማበደር ማለት ነው። ስለዚህ አበዳሪ የሚጠይቀውን ጠይቁ፤ ብሩ ለምን ሥራ ይውላል? ሥራው ቢከስር ከምን ይከፈላል? መልስ የሌለው ጥያቄ ከሆነ አለመፈረም ነውር አይደለም።

ሁለተኛ፣ መድኑን ማወቅ ነው። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ሥራ ሲጀምር ለአንድ አስቀማጭ የተወሰነው ጣሪያ 100,000 ብር ነው። ይህ ለብዙው ቆጣቢ በቂ ነው፤ ቤት ሸጦ ወይም የልጁን የዓመታት ሐዋላ ሰብስቦ በአንድ ባንክ ላኖረ ቤተሰብ ግን አይበቃም። ፈንዱ ከተቋቋመ ወዲህ የብር ዋጋ በውጭ ምንዛሪ ሲሰላ ከግማሽ በታች መውረዱንም ማስታወስ ያሻል። ኬንያ ጣሪያዋን ያነሣችው ሕዝቡ ከተጎዳ በኋላ ነው፤ እኛ አስቀድመን ልናስብበት እንችላለን። በገጠር ያሉ ወላጆቻችሁም መድን የሚባል ነገር መኖሩንና ልኩን ከእናንተ ቢሰሙ መልካም ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መድኑ የሚሠራው ፈቃድ ባለው ተቋም ለተቀመጠ ገንዘብ ብቻ መሆኑን ንገሯቸው። በ1997 በአውሮፓ አቆጣጠር በአልባንያ ሕዝቡ እጥፍ ድርብ ትርፍ እንሰጣለን ለሚሉ ድርጅቶች ቤቱንና ከብቱን ሸጦ ሰጠ፤ ሲወድቁ በተነሣው ሁከት 2,000 ያህል ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ያለው ግብዣ ዛሬ በስልክ በኩል ወደ ሾኔም ወደ ዱራሜም ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ መዝገብ ነው። ከእናንተ መካከል የቦታ ይዞታ ማስረጃ የሚሰጥ አለ፤ የሕንጻ ግምት የሚያጸድቅ አለ፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ የሚመረምር አለ፤ የፍርድ ቤት መዝገብ የሚይዝ አለ። አንድ ቦታ ለሁለት ባንክ መያዣ እንዳይሆን የሚያደርገው፣ የውሸት ግምት እውነተኛ ብድር እንዳያወጣ የሚከለክለው፣ በአዲስ አበባ የተጻፈው ዐዋጅ ሳይሆን በወረዳው የተቀመጠው ሠራተኛ ነው። የኢምፔሪያል ባንክ ኦዲተሮች ያላዩትን መዝገብ አስታውሱ።

አራተኛ፣ በመልካሙ ዘመን መጠየቅ ነው። ባንኮች በየዓመቱ የሒሳብ መግለጫ ያወጣሉ። አክሲዮን የገዛ ሰው የትርፍ ድርሻውን ብቻ ጠይቆ ከጉባኤው ከሚወጣ፣ የተበላሸው ብድር ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ከባለ አክሲዮኖቹና ከዲሬክተሮቹ መካከልም የተበደረ እንዳለ ቢጠይቅ ለራሱም ለአስቀማጩም ይጠቅማል። ትርፍ ከፍ ባለበት ዓመት ይህን የሚጠይቅ ሰው ነገር ፈላጊ ይባላል። ኬንያም ናይጄሪያም ያጡት ግን ይህንኑ ነገር ፈላጊ ነው።

የውጭ ባንኮች መምጣት አዲስ ዕውቀት፣ የተሻለ አሠራርና ለነጋዴው ርካሽ ብድር ሊያመጣ ይችላል። የአገር ውስጦቹም ተፎካካሪ ሲያዩ ሊነቁ ይችላሉ። በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ያለች እናት ግን ልጅዋ በቴቴ በኩል አልፎ የላከላትን ገንዘብ ይዛ ወደ ባንኩ መስኮት ስትቀርብ የባንኩ ባለቤት ማን እንደ ሆነ አትጠይቅም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «በፈለግሁት ቀን አገኘዋለሁ ወይ?» ይህን ጥያቄ ስለ እርስዋ ሆኖ በየቀኑ የሚጠይቅ ሠራተኛ በየመሥሪያ ቤቱ ከተገኘ፣ በሩ ቢከፈትም አያሰጋም። ካልተገኘ ግን በሩን መዝጋት ብቻውን እንደማያድን የራሳችን መዝገብ ይመሰክራል።